ዋልያስ፣ አይቤክስና የእኛ ኪቦርድ ተጫዋች

በሰሜን ተራሮች የሚኖረው ዋልያ በእንግሊዝኛ «ዋልያ አይቤክስ» ይባላል። ይህን ያነሣሁት ስለ ዱር እንስሳት ልጽፍ ፈልጌ አይደለም። የባሌ ልጅ ስለ ዱር እንስሳ ቢጽፍ ስለ ደጋ አጋዘንና ስለ ቀይ ቀበሮ ይጽፋል እንጂ ዋልያ ምን አገባው። ነገሩ ወዲህ ነው፤ በ1970ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ ስማቸው ጎን ለጎን የሚነሣ ሁለት ባንዶች ነበሩ። አንዱ ዋልያስ፣ ሌላው አይቤክስ። ዋልያስ ሂልተን ሆቴል ይጫወታል፣ አይቤክስ ራስ ሆቴል። የአንዱ ወዳጅ የሌላውን አይሰማም ይባል ነበር። እንግዲህ በአንድ እንስሳ ስም ሁለት ባንድ! አንደኛው የአማርኛ ስሙን ወሰደ፣ ሁለተኛው የፈረንጅ ስሙን።

(በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር አስቀምጣለሁ፤ ስለ ባንዶቹና ስለ ሸክላዎቹ የሚነገረው አብዛኛው በዚያ ስለሆነ ነው። በእኛ የሆነውን «ዓ.ም.» እለዋለሁ።)

ይህን ሁሉ የሰማሁት ከአጎቴ ነው። አጎቴ በደርግ ጊዜ ከየክፍለ ሀገሩ ገበሬዎች ይመጡበት በነበረው በአጋርፋው ማሠልጠኛ የትራክተር መካኒክ ነበሩ። ከደመወዛቸው ላይ ካሴት ይገዙ ነበር። ሌላ ሰው ካሴት ሲደረድር በዘፋኙ ስም ነው፤ የጥላሁን እዚህ፣ የማሕሙድ እዚያ እያለ። አጎቴ ግን የሚደረድሩት በአጃቢው ባንድ ነበር። የዋልያስ አንድ ረድፍ፣ የሮሃ አንድ ረድፍ፣ የዳህላክ አንድ ረድፍ። «ዘፋኙን ሁሉም ያውቀዋል፤ ከኋላ የቆመውን ማወቅ ነው ቁም ነገሩ» ይላሉ። ጌታን ሲያገኙ ካሴቶቹን እንዲያቃጥሉ የመከሯቸው ነበሩ። አላቃጠሉም፤ ካርቶን ውስጥ ከትተው ቆጥ ላይ ሰቀሏቸው። አሁን ማጫወቻው ስለተበላሸ ጥያቄው በራሱ ጊዜ ተፈታ ብለው ይስቃሉ።

እኔ ደግሞ በቤተ ክርስቲያናችን የወጣቶች ባንድ ውስጥ ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ። ቤዝ ተጫዋች ሁሌም ከኋላ ስለሚቆም የአጎቴ አደራደር ደስ ይለኛል። መብራት በጠፋ ቀን ደግሞ ከነጭራሹ የለንም፤ ያን ቀን መዘምራኑ በከበሮና በጭብጨባ ብቻ ይዘምራሉ፣ እውነቱን ለመናገር አንዳንዴ ያለ እኛ ይሻላል።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ኪቦርድ የሚጫወትልን ወንድም አገባ፤ ካገባም በኋላ ወደ ባለቤቱ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። በትንሽ ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እኛ ጋ ትዝታን ከባቲ፣ አምባሰልን ከአንቺሆዬ ለይቶ የሚጫወት እሱ ብቻ ነበር። መዝሙር አዲስ ሲመጣ ቁልፉን የሚያወጣው እሱ፣ ለእያንዳንዳችን የምንጫወተውን የሚያሳየን እሱ ነው። እኔንም ቤዝ ያስተማረኝ እሱ ነው። «ሰረቁን» የሚል ቃል መጀመሪያ በቀልድ ተጀመረ፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ግን ቀልድነቱ ቀረ። ከዚያ በፊት ስፒከር እንዋዋስ ነበር፣ ቆመ። የእነሱ ድራም ቆዳው ሲቀደድ የእኛን ይወስዱ ነበር፣ እሱም ቆመ። ሮቤ ገበያ ላይ ወንድማችንን አግኝተው ሰላም ሳይሉት ያለፉ እንዳሉ ሰማሁ።

ከሁሉ የከፋው ገብስ በሚታጨድበት ሰሞን የሆነው ነው። የአንዲት እህታችን እናት አረፉ። ቀብሩ ላይ ሁለቱም መዘምራን መጣን፤ እነሱ በአንድ ወገን፣ እኛ በሌላ ወገን ቆምን። ማን ይጀምር? እነሱ እኛን ያያሉ፣ እኛ እነሱን እናያለን። ሬሳው እስኪወርድ ድረስ ማንም አልጀመረም። በመጨረሻ አንዲት አሮጊት እናት ብቻቸውን በኦሮምኛ አንድ የቆየ መዝሙር አነሡ፤ ሁላችንም አፍረን ተቀበልናቸው። እህታችን እስከ ዛሬ ስለዚያ ቀን ምንም አልተናገረችንም።

ስለ ባንዶቹ ታሪክ በእርግጥ መጠየቅ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። አጎቴ «ማን ከማን ጋር እንደተጫወተ ሳታውቅ ስለ ፉክክር አታውራ» ይላሉና፣ ልወቅ አልኩ።

ነገሩ ሲጀመር ራሱ ከውጭ በመጡ ልጆች ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ያኔ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ውስጥ አርባ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች ነፋስ የሙዚቃ መሣሪያ ሲጫወቱ ሰምተው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» የሚባሉት እነሱ ናቸው። አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር፤ የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ ኋላ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሙዚቀኞችን አሠለጠነ። ከዚያ በኋላ ክብር ዘበኛ፣ ፖሊስ ሠራዊትና ምድር ጦር እያንዳንዳቸው የራሳቸውን የሙዚቃ ክፍል አቋቋሙ። ፉክክሩ ያኔ የባንድ ብቻ አልነበረም፣ የመሥሪያ ቤትም ነበር። ሙዚቀኛው ደመወዝተኛ ነው፣ አንዳንዱም ማዕረግ አለው፤ እንደፈለገ ከአንዱ ወደ ሌላው ሊሄድ አይችልም። ጥላሁን ገሠሠ ከሀገር ፍቅር ወደ ክብር ዘበኛ ገባ፤ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ መኮንኖች መፈንቅለ መንግሥት ሲሞክሩ ሙዚቀኞቹም ጣጣው ደረሰባቸው፣ ጥላሁንም ታሰረ። እነዚያ ሰዎች ቡድን መቀየር ምን እንደሚያስከፍል ከእኛ ይልቅ ያውቃሉ።

ግን በዚያ ጥብቅ ዘመን እንኳ በሩ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። ማሕሙድ አሕመድ በልጅነቱ ሊስትሮ የሠራ ሰው ነው። ኋላ የክብር ዘበኛ ሙዚቀኞች ማታ ማታ በሚያዘወትሩት አሪዞና በሚባል ክበብ ውስጥ እየተላላከ ይሠራ ነበር። አንድ ማታ ዘፋኙ ሲቀር ልሞክር ብሎ ተነሣ። ከዚያች ማታ በኋላ ከክብር ዘበኛ ጋር ሆነ። አሪዞና ውስጥ ያ ልጅ «አንተ የማን ነህ?» ተብሎ ቢከለከል ኖሮ ብዬ አስባለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ሸክላ ማሳተም በሕግ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተፈቀደ ሆኖ ሳለ በራሱ ማሳተም ጀመረ። በዚያው ሰሞን ከወታደር ቤት ውጭ የሆኑ ባንዶች በዙ። እዚህ ላይ ለእኛ የሚጠቅም አንድ ዝርዝር አለ። የክበቡ ባለቤት ጊታሩንም ድራሙንም ይገዛል፣ ሙዚቀኛው ይጫወትበታል፤ ስለዚህ መሣሪያው የማን እንደሆነ ስታውቅ ሙዚቀኛው የማን እንደሆነ ታውቃለህ። ዋልያሶች ከሚታወቁበት ነገር አንዱ የራሳቸውን መሣሪያ መያዛቸው ነው። ኃይሉ መርጊያ ኪቦርድ፣ ግርማ በየነ ፒያኖ፣ ሞገስ ሀብቴ ሳክስፎን፣ ዮሐንስ ተኮላ ትራምፔት፣ መላኬ ገብሬ ቤዝ። (የቤዙን ስም በቃሌ መያዜ አይግረማችሁ።) የእኛን ኪቦርድ የገዛችው ቤተ ክርስቲያን ናት። ወንድማችን ሲሄድ አስረክቦ ነው የሄደው፤ ኬብሉንና የገዛ ገንዘቡ የሆነውን መቆሚያ ሳይቀር።

በሌላ በኩል ሶል ኤኮስ የሚባል ባንድ ነበረ፤ ከእሱ ውስጥ ከወጡት ጋር አይቤክስ ተመሠረተ። ማሕሙድ በ1975 «ኧረ መላ መላ»ን የሠራው ከአይቤክስ ጋር ነው፤ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ያ ሥራ ቤልጅየም ውስጥ እንደገና ታትሞ ለብዙ አውሮፓውያን የኢትዮጵያ ሙዚቃ የመጀመሪያ መተዋወቂያቸው ሆነ። አይቤክስ ኋላ ስሙን ለውጦ ሮሃ ሆነ። ጆቫኒ ሪኮ በቤዝ፣ ሰላም ሥዩም በጊታር ከአይቤክስ ወደ ሮሃ ተሻገሩ። ከዳህላክ ደግሞ ኪቦርድ ተጫዋቹ ዳዊት ይፍሩ ወደ ሮሃ መጣ። ልብ በሉ፤ ኪቦርድ ተጫዋች። ዳህላክ «ሰረቁን» ብሎ ይሆን? ቢልም ታሪኩ ያስቀመጠልን ያንን ሳይሆን ዳዊት ለእነ ኤፍሬም ታምሩና ለእነ ነዋይ ደበበ ዘመን ያበረከተውን ቅንብር ነው።

የአጎቴን ካርቶን ከቆጥ አውርጄ ስፈትሽ ግን እጄ ላይ የቀረው ሌላ ነው። «ወደ ሐረር ጉዞ» ይላል፤ ኃይሉ መርጊያና ዳህላክ ባንድ፣ 1978። መጀመሪያ የተሳሳተ ጽሑፍ መሰለኝ። ኃይሉ የዋልያስ ኪቦርድ ተጫዋች ነው፣ ሂልተን። ዳህላክ የጊዮን ሆቴል ባንድ ነው፣ የወጣቱ ባንድ። ሁለቱ ሆቴሎች ደግሞ በአንድ ከተማ የሚገኙ፣ አንድ ዓይነት እንግዳ የሚሻሙ ናቸው። አጎቴን ስጠይቃቸው ልክ ነው አሉ። ኃይሉ ዋልያስን ሳይለቅ ጊዮን ሄዶ ከተፎካካሪው ባንድ ጋር ካሴት ሠራ። በዚያው ዳህላክ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1976፣ ሙሉቀን መለሰን አጅቦ ነበር። ዋልያስ ራሱ በ1977 «ቼ በለው»ን ሲሠራ ሙላቱ አስታጥቄ በቫይብራፎን አብሮት ተጫውቷል፤ ሙላቱ የዋልያስ አባል አልነበረም።

ዘመኑን ደግሞ አትርሱ። 1977 እና 1978 የቀይ ሽብር ዓመታት ናቸው፤ ሰዓት እላፊ ነበር። ሆቴል የገባ ሰው ሌሊት መውጣት ስለማይችል ሙዚቀኛውም እንግዳውም እስኪነጋ እዚያው ይቆዩ ነበር። ከተማው ውስጥ ሰው ሰውን በሚጠራጠርበት በዚያ ወቅት አንድ ሰው ከሂልተን ተነሥቶ ጊዮን ገባና ኪቦርዱን ከሌላ ሰዎች ድራም ጋር አስማማ። እኔ ይህን ሳስብ የመዝሙር ልምምዳችን ቁልፍ ለምን እንደሚቆለፍ አይገባኝም።

መለያየቱም አልቀረላቸውም። በ1981 ዋልያስ ወደ አሜሪካ ተጓዘ፤ ከኢትዮጵያ ባንዶች የመጀመሪያው ነው። ጉዞው ሲያልቅ ኃይሉ፣ ግርማ፣ ሞገስና መላኬ እዚያው ቀሩ፣ ሌሎቹ ተመለሱ። አንድ ባንድ በውቅያኖስ ለሁለት ተከፈለ። የቀሩት ዙላ የሚባል ባንድ አቋቋሙ። ኃይሉ ኋላ ዋሽንግተን ውስጥ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነዳ፤ ደንበኛ በማይኖርበት ሰዓት ኪቦርዱን ከመኪናው ኋላ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። በ2013 የቆየ ሥራው እንደገና ሲታተም ዓለም አስታወሰው፣ በ2018 አዲስ አልበም አወጣ። ይህ ክፍል ላይ አጎቴ ሁልጊዜ ዝም ይላሉ። የተመለሱት የተሻለ አደረጉ ወይስ የቀሩት ብዬ ጠይቄያቸው አልመለሱልኝም፣ እኔም አልገፋሁም።

በእንግሊዝ አገርም እንዲሁ ነው። ቢትልስና ሮሊንግ ስቶንስ ጠላት ነበሩ ብለው የሚያወሩ ብዙ ናቸው፤ ጋዜጦቹም ያንን ይሸጡ ነበር። ግን በ1963 የስቶንስ ሁለተኛ ሸክላ የሆነውን ዘፈን የጻፉላቸው የቢትልሶቹ ሌነንና ማካርትኒ ናቸው። ኤሪክ ክላፕተን በ1968 በቢትልስ ሸክላ ላይ ጊታር ተጫውቷል። ክላፕተን፣ ጄፍ ቤክና ጂሚ ፔጅ ሦስቱም ያርድበርድስ በሚባል አንድ ባንድ ውስጥ ያለፉ ሰዎች ናቸው፤ ፔጅ ከዚያ ፍርስራሽ ላይ ነው ሌድ ዜፕሊንን የሠራው። ደጋፊው ሲጣላ ሙዚቀኞቹ አንዱ የሌላውን ሕብረ ዜማ እያዳመጡ ያጠኑ ነበር። በቆሮንቶስም «እኔ የጳውሎስ» «እኔ የአጵሎስ» ያሉት ምእመናኑ እንጂ ጳውሎስና አጵሎስ አልነበሩም።

ይህን ሁሉ ይዤ በወጣቶች ኮሚቴ ስብሰባ ላይ ተነሣሁ። ወንድማችን በወር አንድ ቅዳሜ መጥቶ ያስተምረን፣ እኛም በተራችን ሄደን ከእነሱ ጋር እንለማመድ አልኩ። የሂልተንና የጊዮንን ታሪክ ስተርክ አንድ የተከበሩ ሽማግሌ እጃቸውን አነሡ። «ልጄ፣ ሂልተን ቤት ምን ጉዳይ አለን?» ቤቱ ሳቀ። ቀጥለው ያሉት ግን የሚያስቅ አልነበረም። እነዚያ ሰዎች በደመወዝ የሚጫወቱ ናቸው፣ ቦታ ቢቀያየሩ ገበያ ነው፤ መዘምራን ግን አብሮ የጾመ፣ አብሮ የጸለየ፣ የአንዱን ኃዘን ሌላው የተሸከመ ኅብረት ነው፤ አንዱ ሲወጣ የሚጎድለው ድምፅ ብቻ አይደለም አሉ። ልክ ናቸው። እኔም ራሴ እሱ ሲሄድ ያመመኝ ባዶ የቀረው ኪቦርድ ሳይሆን ቅዳሜ ከልምምድ በኋላ አብረን ሻይ የምንጠጣበት ሰዓት ነበር። ግን እንዲህ ብዬ መለስኩላቸው፦ «ጋሼ፣ ለገንዘብ የሚሠሩት ሰዎች እንኳ መዋዋስ ካልከበዳቸው፣ አብረን የጾምነው ለምን ይከብደናል?» ዝም አሉ። መስማማታቸው ይሁን አለመስማማታቸው አልገባኝም።

ከስብሰባው በኋላ ልጆቹ እኔን ከበው የጠየቁኝ ግን ስለ ሙሉቀን ነበር። ይህ በእኛ መካከል ሁሌም የሚነሣ ጥያቄ ነው። ሙሉቀን መለሰ ገና ልጅ ሳለ መድረክ የወጣ፣ ከዳህላክም ከሮሃም ጋር የሠራ፣ በድምፁ አቻ ያልነበረው ሰው ነው። በ1980ዎቹ አሜሪካ ሄደ፤ ወንጌልን ተቀብሎ ዘፈን አቆመ። ከዚያ በኋላ አሥርት ዓመታት አለፉ፤ አድናቂዎቹ ይመለሳል ብለው ጠበቁ። አልተመለሰም። በ2016 ዓ.ም. እዚያው አሜሪካ አረፈ። ሂሩት በቀለም አለች፤ በፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራ ለረጅም ዓመታት ያገለገለች ድምፃዊት፣ ኋላ ዘፈንን ትታ መዝሙር ዘመረች፤ በ2015 ዓ.ም. አረፈች። በአንጻሩ ቢትልስ ከመነሣታቸው በፊት የእንግሊዝ ወጣት ሁሉ ይወደው የነበረው ክሊፍ ሪቻርድ በ1966 በቢሊ ግራሃም ጉባኤ ላይ ክርስቲያን መሆኑን በአደባባይ ተናገረ፤ መዝፈኑንም አላቆመም።

አንዱ ልጅ «ታዲያ ማን ትክክል ነው?» አለኝ። እኔ የምለው ሙሉቀን የተወው ብዙ ነው፤ የተወውን ነገር ዋጋ የሚያውቀው እሱን የሰማ ሰው ነው። ካሴቱን ሳይሰሙ «ዓለማዊ ነገር ተወ፣ እሰይ» ማለት ቀላል ነው፣ ምክንያቱም ምን እንደተወ አያውቁትም። አጎቴ ሙሉቀን ማረፉን በሰሙ ቀን ካርቶኑን አውርደው የዳህላኩን ካሴት ፈልገው አወጡ፤ ማጫወቻ ስለሌላቸው ሽፋኑን ብቻ ጠርገው መለሱት። የሚዘምረው የእኛ ትውልድ ቅኝቱንም አጨዋወቱንም ያገኘው ከየት እንደሆነ መጠየቅ ያለበት ይመስለኛል። በሳክሱ ቦታ ኪቦርድ ገባ እንጂ ባቲ ያው ባቲ ነው።

ወንድማችን ባለፈው ወር ሁለት ቅዳሜ መጣ። መጀመሪያ ቀን ማን ሰላም እንደሚለው ጨንቆት በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ድራም የሚመታው ልጅ ወጥቶ እጁን ይዞ አስገባው። አሁን አንዲት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ እያስተማረልን ነው፤ ጣቷ ከእሱ ይፈጥናል፣ እሱም ይህን ይናገራል። እነሱ ደግሞ ስፒከራችንን ለሠርግ ወስደው በሰዓቱ መልሰዋል። ለኃዘን ቤት አብረን የምንዘምራቸውን አምስት መዝሙሮች መርጠናል፣ ማን እንደሚጀምርም ተስማምተናል፤ ቀድሞ የደረሰው ይጀምራል። የሚቀረው ድራሙ ነው። ሽማግሌዎቹ ድራሙ ከግቢ እንዳይወጣ በቃለ ጉባኤ ስላሰፈሩት፣ ለጊዜው እነሱ ናቸው ወደ እኛ የሚመጡት።